ለልጅ ልጆችና ለጓደኞቻቸው መጸለይ፦ ከደብተሩ ዝግጅት እስከ ክትትሉ

ስለ ልጅ ልጅ ጓደኝነት የሚደረግ ጸሎት ብዙውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይከሽፋል። አንደኛው «ከክፉ ጓደኛ ጠብቅልኝ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ሆኖ ይቀርና፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከንፈር የሚለው ልብ የማይሰማው ነገር ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ ጸሎቱ ቀስ በቀስ ወደ ክትትልና ወደ ተግሣጽ ይዞርና ልጁ ስለ ጓደኞቹ ማውራት ያቆማል። ሁለቱንም የሚያስቀረው ጓደኛውን በስሙ አውቆ ለእሱም እንደ ራስ ልጅ መለመን ነው።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይያዙ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ዘሎ በቀጥታ ወደ አራተኛው የሚገባ ሰው አይዘልቅበትም።

የሚያስፈልግዎት፦ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ዓይንዎ ከደከመ ጥቅሶቹን በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ የሚጽፍልዎት ሰው ይፈልጉ።

## ደረጃ 1፦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ

ያዕቆብ የዮሴፍን ልጆች ከመባረኩ በፊት «እነዚህ እነማን ናቸው?» ብሎ ጠይቋል (ዘፍጥረት 48፥8)። ዓይኑ ከእርጅና የተነሣ ከብዶ ነበር፤ ቢሆንም መጀመሪያ ጠየቀ፣ ወደ እርሱ አስቀረባቸው፣ ሳማቸው፣ ከዚያ ባረካቸው። እርስዎም ከዚህ ይጀምሩ።

1. ከላይ የልጁን ስም፣ ዕድሜና ክፍል ይጻፉ። በቤተ ክርስቲያንዎ በክርስትና ስም የሚጸለይ ከሆነ እሱንም ይጨምሩ። የጓደኛውን የክርስትና ስም ስላላወቁ አይጨነቁ፤ በሚጠራበት ስም ይጸልዩ።
2. ገጹን በሦስት ይክፈሉት፦ «ጓደኞች»፣ «አሁን ያለው ጉዳይ»፣ «ምስጋና»።
3. በጓደኞች ሥር ቢበዛ ሦስት ስም ይጻፉ። አሥር ስም ከጻፉ ጸሎቱ ስም መጥሪያ ይሆናል። ልጁ ብዙ ጓደኞች ካሉት በየወሩ ይቀያይሯቸው።
4. ስም ካላወቁ «ከጎኑ የሚቀመጠው»፣ «ኳስ አብረው የሚጫወቱት»፣ «በስልክ የምታወራት ልጅ» ብለው ይጻፉ። ለጊዜው ይበቃል።
5. ጓደኛ የሌለው የልጅ ልጅ ካለዎት ቦታውን ባዶ ይተዉት እንጂ አይዝለሉት። ያ ባዶ ቦታ ራሱ የጸሎት ርዕስ ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ መጀመሪያ እዚያ ገጽ ላይ ይቁሙ።

ጥንቃቄ፦ ልጁ ድንገት ቢያነበው የሚያሳፍርዎትን ነገር ደብተሩ ላይ አያስፍሩ። «ያ ዱርዬ» ተብሎ የተጻፈ ጓደኛ አንድ ቀን ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ እርስዎም ደብተሩም አትታመኑም። ከባድ ጉዳይ ከሆነ ለራስዎ ብቻ የሚገባ ምልክት ወይም አንድ ፊደል ያድርጉ፤ የሚጸልዩለት አምላክ ዝርዝሩን ከወረቀት አያነብም።

## ደረጃ 2፦ ሳይመረምሩ መጠየቅ

«ጓደኞችህ እነማን ናቸው?» የሚለው ጥያቄ አይሠራም። ትንሹ ልጅ «ሁሉም» ይላል፣ ትልቁ ትከሻውን ይነቀንቃል። «ጥሩ ልጆች ናቸው?» የሚለው ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ልጁ እየተፈረደበት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። በምትኩ ከእነዚህ አንዱን ይጠይቁ፦

- «ዛሬ ማን አሳቀህ?»
- «በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ነበርሽ?»
- «ብቻውን የተቀመጠ ልጅ አይተሃል?»
- «ከጓደኞችሽ መካከል አሁን የከፋው አለ? ልጸልይለት።»

በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ። መልስ ካላገኙ ይተዉት፤ ሁለተኛ ጥያቄ ሲደርቡበት ጨዋታው ምርመራ ይሆናል። የሚመቸው ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ሳይሆን ጎን ለጎን ሆናችሁ እጃችሁ ሥራ ሲይዝ ነው፦ ስትሄዱ፣ ዕቃ ስታጥቡ፣ ልብስ ስታጣጥፉ። በስልክ ከሆነ ወላጆቹ አጠገቡ የሌሉበትን ሰዓት ይምረጡ።

ልጁ የሚያስደነግጥ ነገር ሲነግርዎት መጀመሪያ የሚያየው ፊትዎን ነው። «እሺ፣ ከዚያስ?» ብለው ይቀጥሉ። ያን ጊዜ «ምን አልኩህ!» ያለ አያት ቀጣዩን ወሬ አይሰማም። በስልኩ፣ በቦርሳው፣ በመልእክቶቹ ውስጥ ገብተው የጸሎት ርዕስ አይፈልጉ፤ ተሰርቆ የተገኘ መረጃ ጸሎትዎንም ያስጨንቀዋል፣ ሲታወቅም ግንኙነቱን ይቆርጣል።

ከወላጆቹ ጋር ያለው መንገድ አጭር ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ «ስለ ልጆቹ የምጸልይበት ነገር ካለ ንገሩኝ» ይበሉ። የነገሩዎትን ይቀበሉ፣ አስተያየት አይጨምሩ። ጸሎት ጠይቀው ምክር የተቀበሉ ወላጆች ሁለተኛ አይጠይቁዎትም።

## ደረጃ 3፦ ምን እንደሚለምኑ ይወስኑ

«ጓደኞቹን ባርክ» ልመና ነው፤ ግን መመለሱን የሚያውቁበት ምንም ምልክት የለውም። ልመናው ቅርጽ ይኑረው። አራት አቅጣጫ አለው፤ በየቀኑ አራቱንም ማዳረስ የለብዎትም።

ሀ. አንድ እውነተኛ ጓደኛ። ብዙ ሳይሆን አንድ። ዳዊት በምድረ በዳ ሲሸሸግ ዮናታን ወደ እርሱ ሄዶ እጁን በእግዚአብሔር አጸናው (1 ሳሙኤል 23፥16)። የሚለምኑት ይህንን ነው፦ ልጁ ሲጨንቀው የሚመጣ፣ መጥቶም ወደ እግዚአብሔር የሚያስጠጋው ሰው። «ተወዳጅ አድርገው» የሚለውን ልመና እኔ አልመክርም፤ የሁሉ ወዳጅ ለመሆን የሚሮጥ ልጅ እምቢ ማለት ያቅተዋል።

ለ. እሱ ራሱ ጥሩ ጓደኛ እንዲሆን። ይህ በጣም ይረሳል። የሁሉም አያት የልጅ ልጅ የሚሳሳተው በጓደኛ ተመርቶ ከሆነ፣ የሚመራው የማን የልጅ ልጅ ነው? አምኖንን በክፉ ምክር የመራው ወዳጁ ኢዮናዳብ የዳዊት የወንድሙ ልጅ ነበር (2 ሳሙኤል 13፥3)፤ ከውጭ የመጣ አልነበረም። ስለዚህ ምስጢር መጠበቅን፣ ሐሜትን መተውን (ምሳሌ 16፥28)፣ ይቅርታ መጠየቅን፣ ብቻውን የቀረውን ልጅ መጥራትን ለራስዎ የልጅ ልጅ ይለምኑ።

ሐ. የመለየት ማስተዋል። ሮብዓም የዳዊት የልጅ ልጅ ነው። የሽማግሌዎችን ምክር ትቶ አብረውት ያደጉትን ሰማ፣ አሥሩ ነገድም ከእጁ ወጣ (1 ነገሥት 12፥6-20)። ሲነግሥ ዕድሜው 41 ነበር (1 ነገሥት 14፥21)። ስለዚህ ልጁ ከትምህርት ቤት ስለወጣ ወይም ሥራ ስለያዘ ይህን ልመና ከገጹ አይሰርዙት።

መ. ለጓደኛው ለራሱ። ለጤናው፣ ለቤቱ ሰላም፣ ለእናትና አባቱ፣ እግዚአብሔርን ለማወቁ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ጓደኛ የሚጸልይለት ሰው የሌለው ነው። ምናልባት በዚህ ዓለም ላይ ስሙን በጸሎት የሚጠሩት እርስዎ ብቻ ይሆናሉ።

### ልመናው እንደ ዕድሜው

እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ ዋና ጉዳዩ መጋራትና ተራ መጠበቅ ነው፤ ልመናውም አጭር ይሁን። ከ7 እስከ 11 ጓደኝነት ይጠነክራል፣ «ከእኛ ጋር አትጫወትም» የሚባልበትም ጊዜ ነው፤ ድፍረትንና ርኅራኄን ይለምኑ።

ከ12 እስከ 17 ያለው ሰፊ ነው፣ እዚህ ጊዜ ይስጡ። በዚህ ዕድሜ የጓደኛ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከወላጅ ድምፅ በልጦ ይሰማል፤ ይህ የዕድገት ሥርዓት እንጂ አመፅ አይደለም። የማይታዩት ጓደኞችም ይጨመራሉ፦ በስልክ ብቻ የሚታወቁ፣ በቡድን መልእክት ውስጥ ያሉ፣ በጨዋታ የተገናኙ። ስማቸውን ስለማያውቁ «በስልኩ ውስጥ ያሉት» ብለው ይጻፉ። ልመናዎቹ ቁርጥ ያሉ ይሁኑ፦ ሌሊት የሚመጣን መልእክት ለማጥፋት አቅም፣ «አልፈልግም» የሚል ቃል በሰዓቱ ከአፉ እንዲወጣ፣ ሲሳሳት ተመልሶ የሚነግረው አንድ ትልቅ ሰው እንዲኖረው። ያ ሰው እርስዎ ባይሆኑም እንኳ።

ከ18 በላይ ለሆነው ደግሞ የሥራ ባልደረቦቹን፣ አብረውት የሚኖሩትን፣ የሚያጨውን ወይም የምታጨውን ሰው ይጨምሩ። ጠያቂነትዎን ይቀንሱ፣ ልመናውን አይቀንሱ።

## ደረጃ 4፦ የአንድ ቀን ጸሎት ቅደም ተከተል

ሰዓቱን አስቀድመው ይቁረጡ፤ «ሲመቸኝ» ያሉት ጸሎት አይመችም። ጠዋት የሚነቃ አእምሮ ላለው ጠዋት፣ ማታ ለሚበረታ ማታ። አልጋ ላይ ጋደም ብሎ መጀመር ግን በእንቅልፍ ያልቃል፤ ይቀመጡ ወይም ይቁሙ።

1. በሩን ይዝጉ (ማቴዎስ 6፥6)፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ። በቤተ ክርስቲያንዎ ሥርዓት የጸሎት መክፈቻ ካለዎት በእሱ ይክፈቱ። 1 ደቂቃ።
2. አንድ ነገር ያመስግኑ። ከገጹ ላይ የተጻፈ፣ የተወሰነ ነገር፦ «ትናንት አብራት ስለተቀመጠችው ልጅ አመሰግንሃለሁ።» ምንም ካጡ ልጁ በመኖሩ ያመስግኑ። ይህን ደረጃ ከዘለሉ ጸሎቱ በጭንቀት ይጀምርና በጭንቀት ያልቃል። 1 ደቂቃ።
3. አንድ ጥቅስ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፣ ስሙን ያስገቡበት። ለመነሻ፦ ምሳሌ 13፥20፣ ምሳሌ 17፥17፣ መክብብ 4፥9-10፣ ፊልጵስዩስ 1፥9-10፣ ቆላስይስ 1፥9-10፣ መዝሙር 141፥3 (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 140)። አንዱን ጥቅስ ለሙሉ ሳምንት ይያዙ። 2 ደቂቃ።
4. ለልጁ ይለምኑ። ከደረጃ 3 አንድ ወይም ሁለት አቅጣጫ ይበቃል። 3 ደቂቃ።
5. ለጓደኛው ይለምኑ። ከልጁ ባልተናነሰ ጊዜ። 3 ደቂቃ።
6. ዝም ይበሉ። 1 ደቂቃ። የሚጠራ ሰው፣ የሚደወልለት ልጅ፣ የሚጠየቅ ይቅርታ ትዝ ካለዎት በኋላ እንዲጽፉት ልብ ይበሉ።
7. አሳልፈው ይስጡ፣ በአባታችን ሆይ ይዝጉ።
8. አንድ መስመር ከነቀኑ ይጻፉ። ከአንድ መስመር በላይ አይጻፉ፤ አለበለዚያ በሦስተኛው ቀን ይሰለችዎታል።

ለጀማሪ የሚሆን ናሙና፦

> «ጌታ ሆይ፣ እገሌን በክፍሉ ብቻውን እንዳይሆን አድርገህ ስለጠበቅኸው አመሰግንሃለሁ። ከጠቢባን ጋር የሚሄድ ጠቢብ ይሆናል ብለሃልና እገሌን ከጠቢባን ጋር አስኪደው። ሲስቁበት እንዲታገስ፣ ሲያስቱት እምቢ እንዲል አፉን ክፈትለት። ጓደኛው እገሌንም አስበው፤ ቤታቸው ሰላም ይሁን፣ አባቱ ሥራ ያግኝ፣ አንተንም ይወቅህ። ሁለቱ አንዱ ለሌላው በረከት እንጂ መሰናክል አይሁኑ። እኔ የማላየውን አንተ ታያለህ፤ በእጅህ ናቸው። አሜን።»

ናሙናውን በቃልዎ አይያዙት። ሁለት ሦስት ቀን ይጠቀሙበትና በራስዎ አነጋገር ይተኩት።

## ደረጃ 5፦ የልጅ ልጆቹ ብዙ ሲሆኑ

ስምንት የልጅ ልጅ ያለው ሰው በየቀኑ ለሁሉም 12 ደቂቃ ሊሰጥ አይችልም። ሳምንቱን ይደልድሉ፦ ለአንድ ቀን አንድ ልጅ ወይም ሁለት ወንድማማቾች። የቀሩትን በስማቸው ብቻ በአንድ ትንፋሽ ይጥሯቸው። በድልድሉ ላይ የማይለወጥ ሕግ አለ፦ በዚያ ሳምንት ፈተና ላይ ያለው ልጅ ቀን ቢጨመርለትም የሌላው ቀን አይወሰድበትም።

ገጾቹን በወር አንዴ ያገላብጡ። የአንዱ ልጅ ገጽ ጢም ብሎ የሌላው ባዶ ከሆነ ማዳላትዎ በእስክሪብቶ ታይቷል። ያዕቆብ ዮሴፍን ከልጆቹ ሁሉ አብልጦ መውደዱ ወንድሞቹ በሰላም ሊናገሩት እስኪሳናቸው አድርሷቸዋል (ዘፍጥረት 37፥3-4)። የአጎትና የአክስት ልጆችም ልጁ መጀመሪያ የሚያገኛቸው ጓደኞች ናቸውና፣ በመካከላቸው ላለው ፍቅር አንድ ገጽ ለብቻው መክፈት ያዋጣል።

## ደረጃ 6፦ ከልጁ ጋር አብሮ መጸለይ

መጀመሪያ ያስፈቅዱ፦ «ስለ ጓደኛሽ ነገር አሁን እዚሁ እንጸልይ ወይስ ለብቻዬ ልጸልይ?» ሁለቱም መልስ ጥሩ ነው። «ለብቻህ» ካለች አይጫኗት። እጅዎን ራሷ ላይ ለመጫንም እንዲሁ ይጠይቁ፤ ትንሹ ልጅ ይወደዋል፣ የ14 ዓመቱ ሊያፍር ይችላል።

ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥ። ልጁ ራሱ በተናገረው ቃል ይጸልዩ፤ «ተጣልተናል» ካለ «ተጣልተዋል» ይበሉ እንጂ «ያ ምቀኛ ልጅ» አይበሉ። ሲጨርሱ ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨምር ዕድል ይስጡ፣ ዝም ካለ አሜን ብለው ይዝጉ።

ትልቁ ስሕተት እዚህ ነው፦ ምክርን በጸሎት መልክ ማስተላለፍ። ዓይን ተጨፍኖ «ጌታ ሆይ፣ ይህ ልጅ አምሽቶ መግባቱን እንዲተው፣ ከዚያ ሰፈር ልጅ እንዲርቅ፣ የእናቱን ድካም እንዲያይ…» ሲባል ልጁ የሚሰማው ለእግዚአብሔር የተባለውን ሳይሆን ለእሱ የተባለውን ነው። መልስ መስጠትም አይችልም፣ ጸሎት ነውና። የሚመክሩት ነገር ካለ ዓይንዎን ገልጠው በፊቱ ይናገሩት፤ ጸሎቱን ንጹሕ ይተዉት። በሌላ ክፍል ሆኖ ልጁ እንዲሰማ ድምፅን ከፍ አድርጎ መጸለይም ያው ነው። ምሳሌ 27፥14 ባልንጀራውን በታላቅ ድምፅ ማልዶ የሚባርክን እንደሚራገም ይቆጥረዋል።

## ደረጃ 7፦ ጓደኝነቱ ሲበላሽ

ተጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ስለ እርቅ አይለምኑ፤ ልጁ እንዲረጋጋና እውነቱን እንዲያይ ይለምኑ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የራሱን ድርሻ የሚያውቅበትን ልብ ይለምኑ። እርቅ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እርስዎ ደውለው ለማስታረቅ አይግቡ፤ ልጆቹ ብዙ ጊዜ ከትልልቆቹ ቀድመው ይታረቃሉ፣ ጣልቃ የገባው አያት ግን ከሌላው ቤት ጋር ተኳርፎ ይቀራል።

ተገለለ። ገጹ ላይ የተዉት ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። ከጸሎቱ ጋር ሥራ ይጨምሩ፦ በወላጆቹ ፈቃድ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻ የሚጫወትበትን ጊዜ በቤትዎ ያመቻቹ። አምስት ልጆች ሲጠሩ የተገለለው ዳግመኛ ይገለላል፤ አንድ ይበቃል።

የሚያስፈራ ጓደኛ ያዘ። «አርቅልኝ» ብለው አይጀምሩ። ለሁለት ሳምንት ያህል ደረጃ 3 (መ)ን ለዚያ ጓደኛ በስሙ ይጸልዩ። ኢዮብ የጸለየው ላቆሰሉት ወዳጆቹ ነው (ኢዮብ 42፥10)። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሁለት ነገር አንዱን ያገኛሉ፦ ወይ ጓደኛው እንዳሰቡት ክፉ እንዳልሆነ ይገባዎታል፣ ወይ አደጋው እውነተኛ መሆኑን ያለ ቂም መናገር ይችላሉ። ያን ጊዜ «በሰላም አለያያቸው፣ ለሁለቱም የተሻለ መንገድ ክፈት» ማለት ተገቢ ነው። ቁጡ ሰውን ስለ መራቅ ምሳሌ 22፥24-25 ግልጽ ነው። ጥፋት እንዲደርስበት መለመን ግን ከኢየሱስ ትምህርት ጋር አይሄድም (ማቴዎስ 5፥44)።

ልጁ ወደቀ። ጌታ ለስምዖን ሲለምን እንደሚክደው እያወቀ «እምነትህ እንዳይጠፋ» ብሎ ነው የለመነለት፤ ቀጥሎም ሲመለስ ወንድሞቹን እንዲያጸና አዘዘው (ሉቃስ 22፥32)። ከዚህ ሁለት መስመር ይውሰዱ፦ «መመለሻው አይጥፋበት» እና «ተመልሶ ለጓደኞቹ ብርታት ይሁን»።

### ሁለት ሳምንት የማይጠበቅበት

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ወይም ከሰሙ በዚያው ቀን ለወላጆቹ ይናገሩ፤ ጸሎቱን ከተናገሩ በኋላ ያድርሱት፦

- ሰውነቱ ላይ ምክንያቱን የማይነግርዎት ቁስል ወይም ሰንበር፤
- መሞትን ወይም ራሱን መጉዳትን የሚያነሣ ንግግር፤
- ስጦታ የሚሰጠውና «ለማንም አትንገር» የሚለው ትልቅ ሰው፣ በአካልም ሆነ በስልክ፤
- አደንዛዥ ዕፅ፣ ወይም ገንዘብ አምጣ እያለ የሚያስፈራራው ልጅ።

ልጁ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ ከጀመረ አስቀድመው ቃል አይግቡ። «የሚጎዳህ ነገር ከሆነ ለሚረዳህ ሰው እናገራለሁ፤ ያለ አንተ እውቀት ግን አላደርገውም» ይበሉት። የሚያሰጋው ወላጁ ራሱ ከሆነ ለሌላ የሚታመን የቤተሰብ አባል፣ ለትምህርት ቤቱ ወይም ሕፃናትን ለሚጠብቀው አካል ይናገሩ።

## ሲሰናከል ምን ይደረግ?

ሐሳብ ይበተናል። ድምፅ አውጥተው ይጸልዩ፣ ጣትዎን በስሙ ላይ ያኑሩ። አሁንም ካልሆነ ጸሎቱን ጽፈው ያንብቡት። የተበተነው ሐሳብ የሚመላለሰው በአንድ ጉዳይ ላይ ከሆነ እሱን ራሱን ይጸልዩበት።

ቃሉ ይደጋገማል፣ ይደርቃል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ገጹ ስላልታደሰ ነው። ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ፣ አንድ አዲስ ነገር ይስሙ። ጥቅሱንም ይቀይሩ።

በንዴት ይነሣሉ። ከልጁ እናት ወይም አባት ጋር ከተጋጩ ማግስት ጸሎቱ ወደ ክስ ይዞራል። በዚያ ቀን ደረጃ 4ን አያሟሉ፤ ስሞቹን ብቻ ጠርተው ስለ ራስዎ ልብ ይጸልዩና ይዝጉ።

ለውጥ አይታይም። የመጨረሻዎቹን 30 መስመሮች ያንብቡ። ብዙ ጊዜ መልሱ ከጠበቁት ሌላ ልጅ ላይ ወይም ጓደኛው ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ዮሴፍ አባቱ እጆቹን አመሳቅሎ ታናሹን በቀኝ ሲባርክ ከፍቶት ሊያስተካክለው ሞክሮ ነበር (ዘፍጥረት 48፥17-19)። በእውነት ምንም ከሌለ ልመናውን ያሳጥሩት፣ አያቁሙት (ሉቃስ 18፥1)።

ልጁ «አትጸልዪልኝ» አለ። አይከራከሩት፣ አይዘኑበትም። «እሺ፣ በፊትህ አላነሣውም» ይበሉና ጸሎቱን በዝግ በር ይቀጥሉ። ከዚያ በኋላ «ስጸልይልህ ነበር» የሚለውን ቃል እንደ ውለታ አያንሡ።

ወላጆቹ አያምኑም ወይም በሌላ መንገድ ያምናሉ። ያለ ፈቃዳቸው ከልጁ ጋር አይጸልዩ፤ ልጁን በእርስዎና በእነርሱ መካከል ያስጨንቃል። ለብቻዎ ለመጸለይ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

ልጁ ሩቅ ነው፣ ወይም አይገናኙም። ገጹን በሚያውቁት ይጀምሩ፦ ዕድሜው፣ ምናልባት የትምህርት ቤቱ ሁኔታ። በሳምንት አንድ አጭር መልእክት ይላኩ፦ «ዛሬ አሰብኩህ። ያ ኳስ የምትጫወቱት ጓደኛህ ደህና ነው?» የጓደኛው ስም ከጠፋብዎት በመግለጫው ይጠይቁ፤ ልጁ ራሱ ያርምዎታል፣ ስሙንም ያገኛሉ። ግንኙነት ጨርሶ ከተቋረጠ «አጠገቡ ያለ ሰው» የሚል አንድ መስመር ጽፈው ለዚያ ሰው ይጸልዩ።

የጸሎት ኅብረት ላይ ማቅረብ ፈልገዋል። የልጁንም የጓደኛውንም ስም፣ ትምህርት ቤቱንና ዝርዝሩን አያውጡ። «ስለ አንዲት የልጅ ልጄና ስለ ጓደኝነቷ ጸልዩልኝ» ይበቃል። ሁለተኛ ጥያቄ የሚጠይቅዎት ካለ «እሱ የእሷ ነው» ብለው ይመልሱ። በአንድ ነገር ተስማምቶ ለመጸለይ (ማቴዎስ 18፥19) ዝርዝሩን ማወቅ የሚችል አንድ ሰው ካስፈለገዎት፣ ወሬ የማያወጣ መሆኑን በሌላ ጉዳይ ያዩትን ሰው ይምረጡ፣ ከተቻለም ልጁን ያስፈቅዱ።

ደብተሩ አለቀ። አዲስ ሲከፍቱ የልጆቹን ስምና በመልስ ያልተዘጉትን ጉዳዮች ብቻ ያሻግሩ። የተለያዩትን የቀድሞ ጓደኞች ስም በመጨረሻው ገጽ ላይ ይሰብስቡና በወር አንዴ ይጥሯቸው። አሮጌውን ደብተር በማንም እጅ እንዳይወድቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ ከባድ ጉዳይ የሰፈረበትን ገጽ ቀደው ቢያስወግዱት ይሻላል።